ዳልቻ አህያና የፏፏቴዋ ድንበር

ተረት ልጀምር ነው፤ «ጀምሪ!» በሉኛ! አንድ እጅ አያጨበጭብም፤ አድማጭ ዝም ካለ ተረቱ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። እንዲያ! አሁን ድምፃችሁ ተሰማ። ማዛጋት የሚፈልግ ካለ ከወዲሁ አዛግቶ ይጨርስ፤ መሐል ላይ ያዛጋብኝ እንደሆነ አልምረውም።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳ እንደ ሰው ሲሟገት፣ ድንጋይ እንኳ ሲጠሩት «አቤት» በሚልበት ዘመን፣ ቆቅ ውሃ የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። ከመንደሯ በታች ነጋዴ ጨው ለማምጣት ወደ ቆላ የሚወርድበት መንገድ ያልፋል። ከመንገዱ ዳር፣ ጎድጎድ ካለው ቦታ ላይ፣ አንዲት ፏፏቴ ነበረች። ትልቅ እንዳትመስላችሁ! ቁመቷ ከሁለት ሰው ቁመት አይበልጥም። አፏ ግን አያርፍም፤ ክረምት ከበጋ ሿ... ሿ... ስትል ትውላለች። እንስሳቱም በዚሁ «እሜቴ ሿሿ» ይሏታል።

በዚያ ምድር በበጋ ከእሷ በቀር ውሃ የለም። በይም ተበይም ወደ እሷ መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ የጥንት አራዊት ተሰብስበው ተማማሉ። መሐላው እንዲህ ነው፦ የእሜቴ ሿሿ ድምፅ እስከሚሰማበት ድረስ ማንም የማንንም ደም አያፈስም። ከዚያ ወዲያ ግን ሁሉም እንደ እግሩና እንደ ጥርሱ። መሐላውን ያፈረሰ ከእሜቴ ውሃ ጠብታ አይቀምስም፤ በጥም ያልቃል።

ድንበሩን የምታሳየው ባለ ረጅም ጆሮዋ እመት ጥንቸል ነበረች። ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን ቀስራ መንገዱን ትወጣለች። ድምፁ ከጠፋባት ቦታ ላይ ስትደርስ የወሰኑን ድንጋይ ገፍታ ታኖራለች። ከድንጋዩ ወዲህ ሰላም ነው፤ ከድንጋዩ ወዲያ ራስህን አውጣ።

አንድ በጋ ጓንጉል የሚባል ነጋዴ አህዮቹን እየነዳ መጣ። ከአህዮቹ አንዷ ዳልቻ ትባላለች። ዳልቻ እርጉዝ ናት፤ ያውም መውለጃዋ የደረሰ። በዚያ ላይ ጀርባዋ ገጥቧል። ፏፏቴዋ ጋ ሲደርሱ ጉልበቷ ከዳትና ከነጭነቷ ዘጭ አለች።

«ተነሽ እንጂ ዳልቻዬ!» አላት ጓንጉል። ተነሳች፣ ወደቀች። «ተነሽ!» አላት። ተነሳች፣ ወደቀች። በሦስተኛው አልተነሳችም።

ጓንጉል ጭነቷን ፈታና ለሌሎቹ አከፋፈለው። «እንግዲህ ምን ላድርግ? እግዜር ይጠብቅሽ» አለና አህዮቹን «ሂድ!» ብሎ ነድቶ ሄደ። ዞር ብሎም አላያት።

ዳልቻ አለቀሰች። «ስንት ዘመን ተሸክሜለት!» አለች። «ለእኔስ ይሁን፤ በሆዴ ያለው ምን በደለ?»

«ጠጪ ልጄ» አለቻት ፏፏቴዋ። «መጀመሪያ ጠጪ፣ ከዚያ አልቅሺ። በደረቅ ጉሮሮ ልቅሶም አያምር። እኔ እስከምሰማበት ድረስ የሚነካሽ የለም።»

ዳልቻ ጠጣች። ቀና ስትል አያ ጅቦ መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ አየችው። ከመንገዱ ዳር ባለ ሾላ ዛፍ ስር፣ ከወሰኑ ድንጋይ ወዲያ፣ እጁን አጣምሮ እንደ ሽማግሌ ቁጭ ብሏል። 

«እንደምን ዋልሽ እመት አህዪት?» አላት።

«እግዜር ይመስገን፣ አያ ጅቦ።»

«ሆድሽ ገፍቷል። ሁለት ናችሁ ማለት ነው። ደስ ይላል፣ ደስ ይላል» አለና ምራቁን ዋጠ። «አትፍሪኝ፤ እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ። ድንበር አልጥስም። ግን በጋ ነው እመት አህዪት። በጋ ሲጠና ውሃ ይቀጥናል። ውሃ ሲቀጥን ድምፅ ያንሳል። ድምፅ ሲያንስ ድንበር ይጠጋል። እኔ ምን አለፋኝ? ቁጭ ብዬ መጠበቅ ነው።»

ዳልቻ ወደ ፏፏቴዋ ዞረች። «እሜቴ፣ እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው ልጄ» አለች እሜቴ ሿሿ በሐዘን። «ዝናብ እስኪመጣ ድረስ እቀጥናለሁ።»

«ዝናቡ ከልጄ ይቀድማል?»

እሜቴ ሿሿ ውሸት አታውቅም። ዝም አለች። ዳልቻም መልሱን ከዝምታዋ ተረዳችው፤ ልጇ ከዝናቡ በፊት ይወለዳል፤ ድንበሩ ቀድሞ እሷ ጋ ከደረሰ ደግሞ እናትም ልጅም የጅብ ናቸው።

በጋው ጠና። ጥንቸል ወጣች፣ ጆሮዋን ቀሰረች፣ «ከዚህ ወዲያ አይሰማም» አለች፣ ድንጋዩን ከሾላው ወዲህ አኖረች። አያ ጅቦም መጣና ድንጋዩን በእግሩ ወደ ፏፏቴዋ ገፋ አደረገው። «ይቺን ታህልማ ምን አላት!» አለ፤ ከድንጋዩ ወዲያም ቁጭ አለ። ጥንቸል አየች፤ ፈራች፤ ዝም አለች።

ደግሞ በጋው ጠና። ጥንቸል ወጣች፣ ጆሮዋን ቀሰረች፣ «ከዚህ ወዲያ አይሰማም» አለች፣ ድንጋዩን ከመንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ጥግ አኖረች። አያ ጅቦ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አደረገው። «ይቺን ታህልማ ምን አላት!» አለ። ጥንቸል አየች፤ ፈራች፤ ዝም አለች።

ዳልቻም አየች። «እመት ጥንቸል፣ ሲገፋው አላየሽም?» አለቻት።

ጥንቸል ጆሮዋን አጣጠፈች። «አትነዝንዢኝ እባክሽ! ማደሪያዬ ከድንበሩ ውጭ ነው፤ እኔም ነፍስ አለኝ» ብላ ፈትለክ አለች።

ድንበሩ ከፏፏቴዋ አጠገብ ወዳለው የበቅሎ ማጠጫ ገንዳ ተቃረበ። ሣሩም አለቀ። ዳልቻ ሌሊትም ቀንም ቆማ ነው፤ ተኝታ ልጇ ቢመጣባትስ? ስለዚህ አጥብቃ አሰበች። «ሞት ላይቀር ዝም ብዬ አልጠብቀውም» አለች።

መጀመሪያ ቁራን ጠራች። «አያ ቁራ፣ ድምፅህ ሩቅ ይሄዳል። እባክህ ከእሜቴ ጋር አብረህ ጩህልኝ።»

«ለጩኸትማ ማን ብሎኝ!» አለ ቁራ። ከፏፏቴዋ አናት ላይ ወጣና ቋ! ቋ! ቋ! አለ። እስከ ሾላው ድረስ ተሰማ።

አያ ጅቦ ግን ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም። «እመት ጥንቸል፣ ፍረጂ! ይሄ የውሃ ድምፅ ነው?» አለ።

ጥንቸል አንገቷን ደፋች። «ቁራ ውሃ ባይኖርም ይጮኻል። የውሃ ድምፅ አይደለም» አለች። እውነቷን ነው። ቁራም አኮረፈና በረረ።

ቀጥላ ቅልን ጠራች። የቆቅ ውሃ ሴቶች ውሃ ሲቀዱ የረሷት ቆንጆ ቅል ነበረች፤ አፏ ሰፊ፣ ሆዷ ክብ። «እመት ቅል፣ ከእሜቴ ስር ግቢልኝ። ውሃው ሆድሽ ውስጥ ሲወድቅ ድምፁ ይበረታል።»

«እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ማን ይችላል?» አለች ቅል። «እይኝ፣ ስንጥቅ የለብኝ፣ ጭረት የለብኝ! ምን የመሰልኩ ሙሉ ነኝ!»

ዳልቻ በጥርሷ ይዛ ከፏፏቴዋ ስር አኖረቻት። ድው! ድው! ድው! አለ። ጥንቸል ወጣች፣ ጆሮዋን ቀሰረች፣ «ይሰማል! የውሃው ድምፅ ነው» አለች፣ ድንጋዩን መለሰችው። አያ ጅቦ እያጉረመረመ ወደ ካቡ አፈገፈገ። «እሺ፣ እሺ፤ ውሃ ነው፤ ሕግ ሕግ ነው» አለ።

ዳልቻ በደስታ ልቧ ሊፈነዳ ደረሰ። ምን ያደርጋል! ድው ድው ያለው ወዲያው ቡል ቡል ማለት ጀመረ፤ ቀጥሎ ጭጭ አለ።

«እመት ቅል፣ ምነው ዝም አልሽ?»

«ሞላኋ!» አለች ቅል እስከ አፍ ጢሟ ሞልታ። «የሞላ ደግሞ ይናገራል እንዴ?»

አያ ጅቦ እየሳቀ ተመለሰ። ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አደረገው፤ ከገንዳው ጥግ አደረሰው። «ነገ፣ እመት አህዪት» አለ። «ነገ ጉረቤት እንሆናለን።» ጎረቤት ማለቱ ነው፤ ምራቁ አላናግር ብሎት ነው።

ዳልቻን ወገቧን ቆረጠማት። የምጥ መባቻ ነበር። «እሜቴ፣ ልጄ እየመጣ ነው!» አለች። «ውሃ የማይሞላው ነገር ምን አለ?»

እሜቴ ሿሿ አሰበች፣ አሰበች። «ከሾላው ስር አንድ ጋን ወድቋል» አለች። «ሆዱ ስለተሰነጠቀ ሠርገኞች የጣሉት ነው። ስንት ክረምት ዘነበበት፤ አንድ ቀን ሞልቶ አያውቅም። ግን ልጄ፣ ሾላው ዛሬ ከድንበር ውጭ ነው። ከሄድሽ ይበላሻል።»

«ካልሄድኩም ይበላኛል» አለች ዳልቻ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከገደሉ ስር ተነስቶ መንገዱን ሽቅብ ይወጣል። ዳልቻ ጠበቀችውና ለመነችው። «አያ ነፋስ፣ የእሜቴን ድምፅ እስከ ሾላው ይዘህልኝ ውጣ። ጋኑን ይዤ እስክመለስ ብቻ!»

«እይዝልሻለሁ» አለ ነፋስ። «ግን ማልልኝ እንዳትዪኝ። ነፋስ ነኝ፤ ሲያሰኘኝ እነሳለሁ፣ ሲያሰኘኝ እተኛለሁ።» ብድግ አለና ድምፁን አቅፎ ወጣ።

ዳልቻ ጥንቸልን አስከትላ መንገዱን ጀመረች። አያ ጅቦም ከጎኗ ከጎኗ ይራመዳል። ወደ ጥንቸል ጠጋ ብሎ፣ «ጆሮሽን አደራ፣ እመት ጥንቸል» አለ። «ማደሪያሽን አውቀዋለሁ።» 

«ይሰማል?» አለች ዳልቻ።

«ይሰማል» አለች ጥንቸል።

ገንዳውን አለፉ። «ይሰማል?» «ይሰማል።» ካቡን አለፉ። «ይሰማል?» «ይሰማል... ቀጥኗል፤ ግን ይሰማል።» የጅቡ ትንፋሽ የዳልቻን ጎን ያሞቀዋል። ሾላው ስር ደረሱ። ጋን ሆዬ በጎኑ ተጋድሞ፣ ሆዱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ፣ ያንኮራፋል።

«አባባ ጋን! ተነስ፣ ከእሜቴ ስር ላደርስህ ነው!»

«ማን ልበል?» አለ ጋን። «ሠርግ አለ እንዴ? ድሮ እኮ እኔ ሳልኖር ሠርግ አይሠረግም ነበር። አንድ ጊዜ የባለጸጋ ልጅ ስትዳር ጠላው እኔ ውስጥ ተጠምቆ...»

«አባባ ጋን፣ ጅቡ አጠገቤ ነው! ነፋሱ ሊተኛ ነው!»

«ጅብ? ታዲያ እኔ ስንጥቁ ምን አደርግልሻለሁ?»

«ስንጥቅህን ነው የምፈልገው!»

 ጋንን ከተሰነጠቀ ወዲህ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። «ግፊኝ ልጄ» አለ።

ዳልቻ በአፍንጫዋ ገፋችው። መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ጋኑ እየተንጓጓ መንከባለል ጀመረ። «ይሰማል?» «ይሰማል።» የካቡን ጫፍ ሲይዙ ቅጠል መንቀሳቀሱን አቆመ። ነፋስ ተኛ።

«ይሰማል?» አለች ዳልቻ።

ጥንቸል ጆሮዋን ቀሰረች። አቀናች፣ አዞረች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «አይሰማም» አለች።

አያ ጅቦ ዘለለ! ዳልቻም ዞራ ጋኑን በኋላ እግሯ ረገጠችው፤ ጋኑ ቁልቁል በረረ። እሷም ሆዷን ይዛ ተከተለችው። ሮጠች፣ ሮጠች፣ የወሰኑ ድንጋይ ታያት፣ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ጅቡ ጭራዋን ግጥም አድርጎ ያዘ።

«ድንጋዩ ጋ አልደረስሽም!» አለ በተያዘ አፉ። «የኔ ነሽ!»

«እመት ጥንቸል!» ብላ ጮኸች ዳልቻ። «ድንጋዩን ተዪው! ጆሮሽ ምን ይላል?»

ሊጠጡ የመጡት ሁሉ፣ ድኩላውም፣ ቆቋም፣ ኤሊውም፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጥንቸል ከካቡ እየሮጠች ደረሰች። ጅቡን አየችው። ጥርሱን አየችው። ማደሪያዋን አሰበች። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም፤ እስከዛሬም ዝም ብላ ነው የኖረችው። ከዚያ ግን የዳልቻን ሆድ አየች፤ በውስጡ የሆነ ነገር ሲራገጥ አየች።

«ይሰማል!» ብላ ጮኸች። «አያ ጅቦ፣ እዚህ ቦታ ይሰማል! ድንጋዩን በእግርህ የገፋኸው አንተ ነህ! ዛሬም ትናንትም ገፍተኸዋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት!»

ሁሉም ትንፋሻቸውን ዋጡ፣ አደመጡ። ሿ... ቀጭን ናት፤ ግን አለች። ኤሊው «ሰማሁ» አለ። ቆቋ «ሰማሁ» አለች። ድኩላውም «ሰማሁ» አለ።

አያ ጅቦ ጭራዋን እንደያዘ አሰበ። ደም ገና አልወጣም። ቢነክስ አንድ እራት ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ግን በዚያ በጋ የሚጠጣው የለም። አፉን ከፈተ። «ጭራ ደግሞ ምን ይጣፍጣል» ብሎ ጸጉሩን እንትፍ እንትፍ አለ።

ዳልቻ ምጧ እያጣደፋት ጋኑን ከፏፏቴዋ ስር ገፋች። ጋኑ ዘመም ብሎ አልቆም አለ። ጠጠሮቹ «እኛ ምን ሥራ አለን?» ብለው ከስሩ ገቡ፤ ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባል የለ! ጋኑ ቆመ። ቀጭኗ ውሃ በአፉ ገባች።

ድምምም! አለ።

ውሃው በስንጥቁ ወጣ። ሌላ ገባ። ድምምም! እሱም ወጣ። ሌላ ገባ። ድምምም! ጋን አልሞላም፤ ስላልሞላም ዝም አላለም። የሠርግ ከበሮ የሚመታ ይመስል ገደሉ ሁሉ አስተጋባ።

«ይሄ የጋን ድምፅ ነው!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ።

«ውሃው ባይወርድ ጋኑ ይጮኽ ነበር?» አለች ጥንቸል። አሁን አልፈራችም። «ደግሞስ በቅሏ ጊዜ አንተው ራስህ ተቀብለህ አልነበር? ሕግ ሕግ ነው ያልከው ማን ነው?»

 ጥንቸል ድንጋዩን ይዛ ወጣች። ድንበሩ ሲሄድ አያ ጅቦ ከፊት ከፊት ያፈገፍጋል። ካቡ ጋ ደረሱ፤ ይሰማል። ሾላው ጋ ደረሱ፤ ይሰማል። ቆቅ ውሃ መንደር ደጃፍ ደረሱ፤ ሰዎቹ «ምን ጉድ ነው ዛሬ?» እያሉ ወጥተዋል፤ ይሰማል። ከመንደሩ ወዲያ ወዳለው ሸለቆ ወረዱ። ጉድጓድ አለ፤ ደጃፉ አጥንት በአጥንት ነው። የአያ ጅቦ ቤት ነው።

«እመት ጥንቸል፣ እዚህስ አይሰማም አይደል?» አለ በልመና ቃል። «ትንሽ ወዲህ ገፋ አድርጊልኝ። ይቺን ታህልማ ምን አላት?»

ጥንቸል ጆሮዋን ቀሰረች። ድምምም! «ይሰማል» አለች። ድንጋዩን ከጉድጓዱ ወዲያ አኖረችው።

ከዚያ ወዲህ አያ ጅቦ በገዛ ደጁ ላይ ጥርሱን ማንሳት አልቻለም። ሚዳቋ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታመነዥካለች፤ እሱ ሆዱን ይዞ ያያታል። ሦስት ቀን ቻለ። በአራተኛው ቀን ተነሳና የማያውቁት አገር ሄደ፤ እዚያ ደርሶም ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የቀረውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ዳልቻ ግን ያን ዕለት፣ ጥንቸል ድንጋዩን ይዛ ሳትመለስ፣ ከፏፏቴዋ አጠገብ ተኛች። ከስንት ቀን በኋላ ነው ጉልበቷን ያሳረፈችው። ውርንጭላዋን ወለደች። ውርንጭላዋ እግሯ እየተብረከረከ ተነሳች፣ ወደቀች። ተነሳች፣ ወደቀች። በሦስተኛው ቆመችና የእናቷን ጡት ያዘች። ዳልቻም እየላሰቻት አለቀሰች፤ እሜቴ ሿሿም በዚያን ጊዜ «አልቅሺ ልጄ፣ አሁንስ ደስ እያለሽ ነው» አለቻት።

ተረቱ ለእናንተ፣ ድካሙ ለእኔ። መሬት ያላችሁ፣ ጎረቤት ያላችሁ፣ እግራችሁ የሚቀብጥባችሁ ሁሉ ስሙኝ፦ ድንበር የገፋ፣ ድንበሩ ራሱ ከቤቱ ይገፋዋል።